ኤ-9-ኤል የተባለው ብረት፦ የኩቤክ ድልድይና ሁለቱ ስሌቶች

ቀኑ ሐሙስ ነበር፤ እ.ኤ.አ. ኦገስት 29 ቀን 1907፣ በእኛ አቆጣጠር ነሐሴ 23 ቀን 1899 ዓ.ም.። በካናዳ፣ ከኩቤክ ከተማ ከፍ ብሎ በሴንት ሎውረንስ ወንዝ ላይ ድልድይ የሚገጥሙ ሠራተኞች የዕለቱን ሥራ ሊጨርሱ ተቃርበዋል። ከቀኑ 11 ሰዓት ከ37 ደቂቃ ገደማ ሲሆን፣ ከደቡቡ ዳርቻ ተነሥቶ ወደ ወንዙ መካከል የተዘረጋው 19,000 ቶን ያህል ብረት ተደረመሰ። ለመውደቅ 15 ሰከንድ እንኳ አልፈጀበትም ይባላል። በላዩ ከነበሩት 86 ሰዎች 75ቱ ሞቱ። ከሟቾቹ 33ቱ በሞንትሪያል አጠገብ ካለችው የካናዋኬ መንደር የመጡ የሞሃውክ ተወላጆች ነበሩ። በፍርስራሹ ተቀርቅረው በሕይወት የነበሩትን ደግሞ ማታ የሞላው ወንዝ ወሰዳቸው።

ድልድዩ ገና አላለቀም ነበር። መንገደኛ የጫነ ባቡር አንድ ቀን እንኳ አላለፈበትም። ሊሸከም የታሰበውን ጭነት ሳያይ፣ በራሱ ክብደትና በግንባታ ዕቃዎቹ ብቻ ነው የወደቀው።

ስለዚህ አደጋ ሲነገር «ስሌቱ ተሳስቶ ነው» የሚል አጭር መልስ ይሰጣል። መልሱ ሐሰት አይደለም፤ ግን የትኛው ስሌት? የብረት ድልድይ የሚነድፍ መሐንዲስ የሚያሰላው ሁለት ጊዜ ነው። ሁለቱ ስሌቶች የተያያዙ ቢሆኑም አንድ አይደሉም። የካናዳ መንግሥት ያቋቋመው ንጉሣዊ አጣሪ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ1908 ያወጣውን ግኝት ያነበበ ሰው፣ ኮሚሽነሮቹ ሁለቱን ስሌቶች ለያይተው፣ ለእያንዳንዱ የየራሱን ጥፋት መመዝገባቸውን ያያል። የዚህ ጽሑፍ ነገርም እዚያው ላይ ነው።

ልዩነቱን ለማየት ቃሬዛ የተሸከሙ ሁለት ሰዎችን እናስብ። ሕመምተኛው ወደ ፊተኛው ሰው ጠጋ ብሎ ከተኛ፣ የፊተኛው ትከሻ ይከብደዋል፤ የኋለኛው ይቀለዋል። በየትኛው ትከሻ ላይ ስንት ኪሎ እንደሚያርፍ፣ እንጨቱም በየቦታው ምን ያህል ኃይል እንደሚያስተላልፍ ማወቅ የመጀመሪያው ስሌት ነው፤ መሐንዲሶች ስትራክቸራል ትንተና ይሉታል። እንጨቱ ጉጥ ይኑረው አይኑረው፣ ገመዱ የታሰረበት ቦታ የተቦረቦረ ይሁን አይሁን ይህ ስሌት አይጠይቅም። ጭነቱን ለአካላቱ ያከፋፍላል፤ እዚያ ላይ ያቆማል። ሁለተኛው ስሌት ከዚያ ይቀጥላል። ያ ኃይል በእንጨቱ ሥጋ ውስጥ ሲሰራጭ በእያንዳንዷ ነጥብ ላይ ምን ያህል ይጠነክራል? ጉጡ አጠገብስ? ቀዳዳው ጠርዝ ላይስ? ይህ የስትረስ ትንተና ነው። አንደኛው ስለ ሸክም ድርሻ ይጠይቃል፤ ሁለተኛው ድርሻውን የተቀበለው አካል ስለሚደርስበት ጭንቅ።

ሁለቱ ሙያዎች የተወለዱት በተለያየ ቤት ነው። ስትረስን በሒሳብ ቋንቋ የገለጸው ፈረንሳዊው ኦጉስታን ሉዊ ኮሺ ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ1822 ጀምሮ፣ በፈረንሳይ የሳይንስ አካዳሚ ፊት። በሦስት ማዕዘኖች የተገጣጠመ ድልድይ ውስጥ እያንዳንዱ ዘንግ ስንት ኃይል እንደሚሸከም በሥርዓት ካሳዩት ቀዳሚዎች አንዱ አሜሪካዊው ስኳየር ዊፕል ሲሆን፣ መጽሐፉን ያሳተመው በ1847 ለድልድይ ሠሪዎች ነው። በ19ኛው መቶ ዘመን ማብቂያ በአንድ የድልድይ ኩባንያ የንድፍ ክፍል ውስጥ ሁለቱን የሚያገናኛቸው አብዛኛውን ጊዜ አንዲት ማካፈል ነበረች፦ የዘንጉ ኃይል ለዘንጉ የመስቀለኛ ቁራጭ ስፋት ይካፈላል፤ የተገኘው አማካይ ስትረስ ከተፈቀደው ወሰን ጋር ይነጻጸራል። ወሰኑን ካላለፈ ሥራው አለቀ ማለት ነው። ለቀላል ዘንግ ይህ ይበቃል። ከብዙ ቁርጥራጭ ለተገነባ ግዙፍ አካል ግን አማካይ ቁጥሩ ብዙ ነገር ይደብቃል።

ሌላም ነገር አለ፤ ለኩቤክ ታሪክ ዋናው እሱ ነው። ትልቅ ድልድይ ከሚሸከመው ነገር ሁሉ የሚከብደው ራሱ ድልድዩ ነው። ስለዚህ መሐንዲሱ ኃይሉን ለማስላት ክብደቱን ማወቅ አለበት፤ ክብደቱን ለማወቅ የብረቶቹን ውፍረት፤ ውፍረቱን ለመወሰን ስትረሱን፤ ስትረሱን ለማግኘት ደግሞ ኃይሉን። ቀለበት ነው። መውጫው በግምት መጀመር፣ ብረቶቹን መንደፍ፣ የተነደፈውን መመዘን፣ ከዚያም ወደ መጀመሪያው ስሌት ተመልሶ ግምቱን ማረም ነው። አንዴ፣ ሁለቴ፣ ቁጥሮቹ እስኪረጉ ድረስ። ሁለተኛው ስሌት ለመጀመሪያው መልሶ የማይናገር ከሆነ፣ የመጀመሪያው ግምት እንደ እውነት ይዘልቃል።

የኩቤክ ድልድይ ኩባንያ የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1887 ነው፤ ለብዙ ዓመታት ገንዘብ አልነበረውም። ዋና መሐንዲሱ ኤድዋርድ ሆር ከ300 ጫማ የሚበልጥ ድልድይ ሠርቶ አያውቅም። ስለዚህ ኩባንያው በአሜሪካ ከታወቁት የድልድይ መሐንዲሶች አንዱን፣ የኒውዮርኩን ቴዎዶር ኩፐርን አማካሪ አደረገ። ኩፐር በሴንት ሉዊስ በሚሲሲፒ ላይ በተሠራው የኢድስ ድልድይ ላይ የሠራ፣ ለባቡር ድልድዮች ያወጣው የጭነት መለኪያ በመላ ሰሜን አሜሪካ ሥራ ላይ የዋለ፣ ስሙ ብቻውን ዋስትና የሚሆን ሰው ነበር። ከቀረቡት ንድፎች በፔንስልቬንያ ፊኒክስቪል የሚገኘውን የፊኒክስ ብሪጅ ኩባንያ ንድፍ መረጠ። የፊኒክስ የንድፍ ኃላፊ ፒተር ሽላፕካ ነበር።

የድልድዩ ዓይነት ካንቲሊቨር ይባላል። በወንዙ ውስጥ ባለ ምሰሶ ላይ የቆመ ሁለት እጁን የዘረጋ ሰው ይመስላል፦ አንዱ ክንድ ወደ ዳርቻው ተዘርግቶ በመሬት ይታሰራል፤ ሌላው ወደ ወንዙ መካከል ይዘረጋል። ከወዲያ ማዶም እንዲሁ ያለ ሌላ አለ፤ በሁለቱ ጫፎች መካከል አጭር ድልድይ ይንጠለጠላል። ይህ አቋም የላይኛውን ብረት ይስባል፤ የታችኛውን ይጨቁናል። ጭቆናው ከሁሉ የሚበረታው በምሰሶው አጠገብ በታችኛው አግዳሚ ላይ ነው።

በመጀመሪያው ንድፍ በሁለቱ ምሰሶዎች መካከል ያለው ርቀት 1,600 ጫማ ነበር። በሜይ 1900 ኩፐር ወደ 1,800 ጫማ፣ ማለትም 549 ሜትር ከፍ አደረገው። ምክንያቶቹ ምሰሶዎቹን ከጥልቁ ውኃና ከበረዶው ግፊት ማራቅ፣ የመሠረቱንም ሥራ ማፋጠን ነበሩ፤ ምክንያታዊ ናቸው። ውሳኔው ግን ድልድዩን በዓለም ረጅሙ አደረገው። በ1890 የተመረቀው የስኮትላንዱ የፎርዝ ድልድይ 1,710 ጫማ ነበርና።

ከዚያ ሦስት ዓመት ያህል ጸጥታ ነው። ኩባንያው ገንዘብ ስላልነበረው ፊኒክስ ዝርዝር ንድፉ ላይ ወጪ ማውጣት አልፈለገም። በ1903 የፌዴራሉ መንግሥት ዋስትና ሲሰጥ ነገሩ በድንገት ተቻኮለ፤ በ1908 የሚከበረው የኩቤክ ከተማ 300ኛ ዓመትም እየቀረበ ነበር። በዚህ ጥድፊያ፣ ለ1,600 ጫማው ንድፍ የተገመተው ክብደት ለ1,800 ጫማው በሚገባ ሳይታረም አለፈ። የመጀመሪያው ስሌት የተሠራው ድልድዩ 62 ሚሊዮን ፓውንድ ይመዝናል ተብሎ ነው። እውነተኛው ክብደት ወደ 73 ሚሊዮን ፓውንድ የሚጠጋ ነበር፤ 18 በመቶ ያህል ይበልጣል። ቀለበቱ አልተዘጋም።

ንድፉን ሌላ ዓይን እንዲያየው ዕድል ነበር። የባቡርና የቦይ መሥሪያ ቤቱ ዋና መሐንዲስ ኮሊንግዉድ ሽሪበር መንግሥት የራሱን ባለሙያ ቀጥሮ ንድፎቹን እንዲመረምር ሐሳብ አቀረበ። ኩፐር ተቃወመ፤ የበታች መሆንን አልተቀበለም። የመጨረሻው ቃል የእሱ ሆኖ ቀረ። እሱ ግን ታማሚ ነበር፤ ከ1903 በኋላ የግንባታውን ቦታ በዓይኑ አላየም።

አሁን ወደ ሁለተኛው ስሌት እንምጣ። ኩፐር ለዚህ ድልድይ የፈቀደው የስትረስ ወሰን ከዘመኑ ልማድ ከፍ ያለ ነበር፤ በከባዱ የጭነት ሁኔታ በካሬ ኢንች እስከ 24,000 ፓውንድ። በጭቆና ስር ባሉ እንዲህ ያሉ ግዙፍ አካላት ላይ ይህን ወሰን የሚደግፍ ሙከራ አልነበረም። በዓለም ላይ የነበሩት የመፈተኛ መሣሪያዎች የሚችሉት ከእነዚህ በጣም ያነሱትን ብቻ ነበር።

የታችኛው አግዳሚ አንድ ወጥ ብረት አልነበረም። እያንዳንዱ ክፍል 57 ጫማ ያህል ርዝመት ያለው ሆኖ፣ ጎን ለጎን ከቆሙ አራት ገበታዎች የተሠራ ነው። አራቱን እንደ አንድ አካል የሚያስተሳስራቸው ከላይና ከታች በሪቬት የተመታ የቀጭን ብረት ጥልፍልፍ ነው። በፎርዝ ግን ተጨቋኞቹ ትልልቅ ዝግ ቱቦዎች ነበሩ። ለኩቤክ የተመረጠው መንገድ ለፋብሪካ ቀላል ነው፤ ነገር ግን ጥያቄ ያመጣል። የጥልፍልፉ ድርሻ ስንት ነው? የመጀመሪያው ስሌት አግዳሚውን እንደ አንድ መስመር ስለሚያየው ጥልፍልፉን አያውቀውም፤ ዜሮ ኃይል ይሰጠዋል። ሁለተኛው ስሌት ኃይሉን ለአራቱ ገበታዎች ስፋት ያካፍላል፤ ጥልፍልፉ እዚያም የለም። አራቱ ገበታዎች ፍጹም ቀጥ ብለው እስከቆሙ ድረስ በእርግጥ ምንም አይሸከምም። ጥቂት ከጎበጡ ግን ጉብጠቱን ለመግታት የሚታገለው እሱ ብቻ ነው። በኩቤክ ደግሞ የታችኛው አግዳሚ ለውበት ሲባል በጥቂቱ የቀስት ቅርጽ እንዲኖረው ተደርጎ ነበር።

እንዲህ ያለው ጥያቄ ፈጽሞ ያልታሰበ አልነበረም። ረጅም ዘንግ ሳይደቅ በመጉበጥ ብቻ እንደሚከሽፍ ኦይለር ያሳየው እ.ኤ.አ. በ1744 ነው። በጀርመን ደግሞ ፍሪድሪሽ ኤንጌሰር በጥልፍልፍ የታሰሩ ዓምዶች ከወጥ ዓምድ ቀድመው እንደሚጎብጡ በ1891 ጽፎ ነበር። ዕውቀቱ ግን ከንድፍ ጠረጴዛው አልደረሰም። በዚያ ዘመን የጥልፍልፍ መጠን የሚወሰነው በአመዛኙ በልማድ ነበር፤ ከትንንሽ ድልድዮች የተወረሰ ልማድ ለግዙፉ ተሠራበት።

በፌብሩዋሪ 1906 አንድ የኩፐር የብረት መርማሪ ከፋብሪካው የሚወጣው ብረት ከታሰበው በላይ እየከበደ መሆኑን ነገረው። በዚያን ጊዜ የደቡቡ ክፍል ብዙው ብረት ተመርቶ፣ ከፊሉም ቦታው ላይ ተገጥሞ ነበር። ኩፐር አሰላ፤ ስትረሱ ከ7 እስከ 10 በመቶ እንደሚጨምር አገኘ፤ ሊታገሡት የሚቻል ነው ብሎ ሥራው እንዲቀጥል አደረገ። የዘገየችው እርማት በመጨረሻ መጣች፤ የመጣችው ግን ንድፉን ለመለወጥ ሳይሆን ለመታገሥ ነው። ሌላው ምርጫ የተሠራውን ጥሎ እንደገና መጀመር ስለነበር፣ ውሳኔው ምን ያህል ከባድ እንደነበር እረዳለሁ። ይሁን እንጂ የመዝገቡን ክፍሎች ሳነጻጽር ከሁሉ የሚያሳዝነኝ በኋላ የምናየው የኦገስት 1907 መዘግየት አይደለም፤ ይህች የ1906 ስሌት ናት። ሁለቱም ቁጥሮች፣ ክብደቱም ስትረሱም፣ በአንድ ጊዜ በኩፐር እጅ ላይ ነበሩ።

በ1907 በጋ ብረቱ ራሱ መናገር ጀመረ። በቦታው የኩፐር ወኪል የነበረው ኖርማን ማክሉር በ1904 ከፕሪንስተን የተመረቀ ወጣት ነው። በጁን የአግዳሚዎቹ መጋጠሚያዎች በልክ አልገጥም ማለታቸውን አየ። በኦገስት መጀመሪያ ሁለት የታችኛው አግዳሚ ክፍሎች ጎብጠው ተገኙ። ኩፐር መጉበጡ እንዴት ሊመጣ እንደቻለ በቴሌግራም ጠየቀ። የፊኒክስ ዋና መሐንዲስ ጆን ዲንስ ብረቱ ከፋብሪካ ሲወጣ ጀምሮ እንዲያ ነበር አለ፤ ማክሉር አልነበረም አለ። ክርክሩ ሳምንታት ፈጀ።

ይህን ክርክር በግትርነት ብቻ መፍረድ ቀላል ነው። እኔ እንደማነበው ግን ከበስተጀርባው አንድ ቁጥር አለ። በወረቀቱ መሠረት ስትረሱ ከተፈቀደው ወሰን በታች ነው፤ ድልድዩ ገና ግማሽ ነውና። ስትረሱ ዝቅተኛ ከሆነ ብረቱ ሊጎብጥ አይችልም፤ ስለዚህ ጉብጠቱ ድሮም የነበረ መሆን አለበት። ሐሳቡ በራሱ ውስጥ ምንም አልጎደለውም። የጎደለው፣ ያ ዝቅተኛ ቁጥር ከአራቱ ገበታዎች አማካይ የወጣ መሆኑንና ስለ ጥልፍልፉ አንዳች የማይናገር መሆኑን የሚያስታውስ ሰው ነበር።

ኦገስት 27 ቀን ማክሉር ወደ ዳርቻው በተዘረጋው ክንድ ከምሰሶው አጠገብ ያለውን ኤ-9-ኤል የተባለ አግዳሚ ለካ። ከአንድ ሳምንት በፊት የኢንች ሦስት አራተኛ ብቻ የነበረው ጉብጠት ወደ 2 ኢንች ከሩብ አድጎ ነበር። ሥራው ለጥቂት ጊዜ ቆሞ እንደገና ቀጠለ። ማክሉር ኩፐርን በአካል ሊያናግር ወደ ኒውዮርክ ተላከ። በ29ኛው ቀን ከሰዓት በፊት ደረሰ፤ ኩፐርም ከቀኑ 6 ሰዓት ከ16 ላይ ሁኔታው እስኪመረመር በድልድዩ ላይ ምንም ጭነት እንዳይጨመር የሚያዝ ቴሌግራም ሰደደ። የሰደደው ግን ወደ ኩቤክ ሳይሆን ወደ ፊኒክስቪል ነበር። መልእክቱ 9 ሰዓት ገደማ ደረሰ። ዲንስ ማክሉር እስኪመጣ ለመጠበቅ ወሰነ፤ ማክሉር 11 ሰዓት አካባቢ ደረሰ፤ ተነጋገሩና ውሳኔውን ለነገ አሳደሩት። ስብሰባቸው ባበቃበት ሰዓት አካባቢ ኤ-9-ኤልና በቀኝ በኩል ያለው አቻው ተሰበሩ።

ንጉሣዊው ኮሚሽን ሦስት አባላት ነበሩት፦ ሄንሪ ሆልጌት፣ ጄ. ጂ. ጂ. ኬሪ እና የቶሮንቶው ፕሮፌሰር ጆን ጋልብሬዝ። ሁሉም መሐንዲሶች ናቸው፤ የሥራ ባልደረቦቻቸውን ሥራ ሲመረምሩ ያሳዩት ሚዛናዊነት ዛሬም ሪፖርቱን ተነባቢ ያደርገዋል። በጥልፍልፍ የታሰረውን አግዳሚ በሦስተኛ እጅ ልክ አሳንሰው የሠሩት ሞዴል ፊኒክስቪል ውስጥ ባለ መፈተኛ ተጨቆነ። ገበታዎቹ ሳይደቁ፣ መጀመሪያ የተቆረጡት የጥልፍልፉ ሪቬቶች ናቸው። ከሁለቱም ስሌት ውጭ የነበረው አካል ቀድሞ ሄደ።

ግኝታቸው ግልጽ ነው። ድልድዩን የጣለው በምሰሶው አጠገብ ያለው የታችኛው አግዳሚ የንድፍ ጉድለት ነው፤ ንድፉ የሽላፕካ፣ ማጽደቁ የኩፐር። የተፈቀደው ስትረስ ከልማዱ በላይ ነበር። ለብቻው ባስቀመጡት ሌላ ግኝት ደግሞ የክብደቱን ግምት ዝቅ አድርጎ መውሰድና በኋላ አለማረም ከባድ ስሕተት መሆኑን፣ የአግዳሚው ዝርዝር በቂ ጥንካሬ ቢኖረው እንኳ ይህ ስሕተት ብቻውን ድልድዩን ለማስወገድ የሚያበቃ እንደነበር ጻፉ። እዚህ ላይ አንባቢ ቆም ሊል ይገባል። ኮሚሽኑ ያለው ሁለት ነገር ነው። የመጀመሪያው ስሌት ልክ ሆኖ እንኳ በጥልፍልፉ የታሰረው አካል ጉድለት ነበረበት፤ አካሉ ጠንካራ ሆኖ እንኳ የመጀመሪያው ስሌት ጉድለት ነበረበት። ጥፋቶቹን የፍርድ ስሕተት አሏቸው፤ ከቸልተኝነት አልቆጠሩትም። የዘመኑ ዕውቀት ስለ ተጨቋኝ የብረት ዓምዶች እንዲህ ያለ ግዙፍ ሥራ በቁጠባ ለመንደፍ እንደማይበቃም መሰከሩ። ከኦገስት 27 በኋላ ድልድዩን ማትረፍ ባይቻልም የሰዎቹን ሕይወት ማትረፍ ይቻል እንደነበርም አልሸሸጉም።

የካናዳ መሐንዲሶች በጣታቸው የሚያጠልቁት የብረት ቀለበት ከዚህ ድልድይ ስብርባሪ ተሠርቷል የሚል ወሬ አለ። እውነት አይደለም። ሥርዓቱ የመጣው በ1920ዎቹ ነው፤ ብረቱም ከዚያ አልመጣም።

ድልድዩ እንደገና ሲሠራ ሥራው ለአንድ ሰው አልተተወም፤ መንግሥት የመሐንዲሶች ቦርድ ሰየመ። አዲሱ ንድፍ ከ60,000 ቶን በላይ ብረት ፈጀ፤ የታችኛው አግዳሚ ቀጥ ያለ ሆነ፤ ተጨቋኞቹም ከቀድሞዎቹ በእጅጉ ወፈሩ። ሁለቱም ክንዶች ያለ ችግር ተዘረጉ። ሴፕቴምበር 11 ቀን 1916፣ በእኛ አዲስ ዓመት ዕለት፣ ወደ 5,000 ቶን የሚመዝነው መካከለኛ ክፍል ከጀልባ ላይ እየተነሣ ሳለ ወንዙ ውስጥ ወደቀ፤ 13 ሰዎች ሞቱ። ክንዶቹ አልተነኩም። የተሰበረው፣ ክፍሉ በአንዱ ማዕዘኑ ያረፈበት በቅልጥ ብረት የተሠራ መቀመጫ ነበር። ክፍሉን እንደገና ለማንሣት የሚሆን መቀመጫ በአዲስ መልክ ተነደፈ፤ በሴፕቴምበር 1917 መካከለኛው ክፍል ቦታው ገባ፤ በኦክቶበር 17 ቀን የመጀመሪያው ባቡር ወንዙን ተሻገረ። 549 ሜትሩ ርቀት እስከ ዛሬ በካንቲሊቨር ድልድዮች ዘንድ የሚበልጠው አልተገኘም። በካናዋኬ መቃብር ስፍራ ደግሞ ከድልድይ ብረት የተሠሩ መስቀሎች ቆመዋል።